ቃላት በየተራ ሲደረደሩ፦ በሆላንድኛ መማሪያዎች ላይ የቀረበ ሂስ

እስቲ አንድ እንግዳ ሰው አስቡ። ከሩቅ አገር መጥቶ ጦር ኃይሎች ከባቡር ወርዷል፤ ወደ አየር ጤና የሚሄድ ታክሲ ይፈልጋል። አማርኛን ለሦስት ወር ከመጽሐፍ አጥንቷል። አንበሳ፣ ቀጭኔ፣ ጉማሬ እያለ ይቆጥራል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ ያውቃል። አጎትንና አክስትን ይለያል። መውረጃው ሲደርስ ግን «ወራጅ አለ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አያውቅም። ረዳቱ «ሂሳብ» ሲለው ግራ ይገባዋል፤ «ዝርዝር የለህም?» ሲባልማ በቃ፣ አለቀለት። ይህ ሰው ብዙ ቃላት አሉት፤ ለዕለት ኑሮው የሚሆን ግን የለውም።

አሁን ነገሩን ገልብጡትና ራሳችሁን በእንግዳው ቦታ አስቀምጡ። ከተማው ሮተርዳም፣ ቋንቋው ሆላንድኛ፣ ብዙዎቻችሁ ደች የምትሉት። በእጃችሁ ያለው መማሪያ ለእንግዳው ከተሰጠው ይሻላል ወይ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። መልሴን ቀድሜ ልንገራችሁ፦ አብዛኛው የቃላት መማሪያ የሚዘጋጀው ለአዘጋጁ እንዲመች ነው፤ የተማሪው አእምሮ ቃል እንዴት እንደሚይዝ ብዙም አይታሰብበትም። ስለ አማርኛ ተናጋሪማ ጭራሽ የታሰበ አይመስልም። ምክንያቶቼን አንድ በአንድ ላቅርብ፤ መዛኞቹ እናንተ ናችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሆላንድኛ ቃላቱን በፊደላችን ስጽፍ ድምፁን በግምት ነው የማስቀምጠው። «ኸ»ን ስታዩ ከጉሮሮ ሻከር አድርጋችሁ አንብቡት። ትግርኛ ወይም ዓረብኛ የምትሰሙ ከሆነ ድምፁ አዲስ አይሆንባችሁም።

ለምን ያሳስበናል?

ሆላንድኛ ወደ 24 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። በኔዘርላንድስ፣ በቤልጅየም ሰሜናዊ ክፍልና በሱሪናም ይነገራል። ለኮልፌ ቀራንዮ ልጅ ይህ ሁሉ ሩቅ ይመስላል። ግን የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ጎረቤት ነው፤ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ በባሕር ዛፍ መሐል ይገኛል። ቀይ አፈር የመሰለው የኮንክሪት ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል፤ ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር የሚያነጻጽሩትም አሉ። ለአንዳንድ ቤተሰብ ግን ይህ ሕንፃ ፈተና የሚቀመጡበት ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. ከማርች 2006 ጀምሮ፣ ኔዘርላንድስ ከሚኖር ባል፣ ሚስት ወይም ቤተሰብ ጋር ለመኖር የሚፈልግ የብዙ አገር ዜጋ ከአገሩ ሳይወጣ የሆላንድኛ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ፈተናው ስለ ኔዘርላንድስ ማኅበረሰብ ማወቅንና መናገርን ይለካል። በ2011 ማንበብ ተጨመረበት፤ ደረጃውም ወደ «ኤ1» ከፍ አለ። ኤ1 ከስድስቱ የአውሮፓ የቋንቋ ደረጃዎች የመጀመሪያው ነው። ግዴታው ሁሉንም አይመለከትም። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያ፣ የጃፓንና የደቡብ ኮሪያ ዜጎች አይጠየቁም፤ ኢትዮጵያውያን ይጠየቃሉ። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 ይህን አድልዎ ነው ብሎ ነቅፎታል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደግሞ በጁላይ 2015 ፈተና መስጠት እንደሚቻል፣ ነገር ግን የቤተሰብን መገናኘት የማይቻል ወይም እጅግ አስቸጋሪ ማድረግ እንደማይገባው ወስኗል። በዚያን ጊዜ የፈተናው ክፍያ 350 ዩሮ፣ የመማሪያው ጥቅል ደግሞ 110 ዩሮ ነበር።

እንግዲህ ስለ ቃላት ዝርዝር የምናወራው ለጨዋታ ያህል አይደለም። መጥፎ ዝርዝር ይዞ ማጥናት ለአንዳንዱ ሰው የባልና ሚስትን መለያየት በወራት ሊያራዝም ይችላል።

መለኪያችን ምን ይሁን?

ሂስ ያለ መለኪያ ሐሜት ነው። ስለዚህ ጥሩ የቃላት ዝርዝር በምን እንደሚታወቅ እንስማማ።

የመጀመሪያው መለኪያ ድግግሞሽ ነው። ጆርጅ ኪንግስሊ ዚፍ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1930ዎቹና በ40ዎቹ ያስተዋወቀው አንድ የሚገርም ሕግ አለ። ረጅም ጽሑፍ ወስዳችሁ ቃላቱን ብትቆጥሩ፣ አንደኛ የሚወጣው ቃል ሁለተኛ ከሚወጣው እጥፍ ገደማ፣ አሥረኛ ከሚወጣው ደግሞ አሥር እጥፍ ገደማ ተደጋግሞ ታገኙታላችሁ። በሆላንድኛም፣ በአማርኛም፣ በስዋሂሊም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ጥቂት ቃላት አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ፤ እጅግ ብዙ ቃላት ግን አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይላሉ።

ከዚህ የሚገኘው ትርፍ ግልጽ ነው። የኒውዚላንዱ የቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽን በእንግሊዝኛ ላይ እንዳሳየው፣ የመጀመሪያዎቹ 1000 የቃላት ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነርባታው አንድ ቤተሰብ ይባላል) ከተራ ጽሑፍ ወይም ንግግር ወደ 80 በመቶ ገደማ ይሸፍናሉ። ደስ ይላል፣ አይደል? ግን ሒሳቡን ተመልከቱ። 80 በመቶ ማወቅ ማለት ከአምስት ቃል አንዱን አለማወቅ ነው። የማታውቁት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩን የያዘውን ነው። «ነገ በሦስት ሰዓት ይህን ነገር ይዘህ ና» ስትባሉ ሁሉን ሰምታችሁ «ይህ ነገር» ምን እንደሆነ ካመለጣችሁ ምን ዋጋ አለው? ያለ ረዳት በምቾት ለማንበብ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ኔሽንና ባልደረባው በ2000 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል፤ ይህም ከ50 ቃል አንዱ ብቻ የማይታወቅበት ጽሑፍ ማለት ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የራስ ኑሮ ነው። የድግግሞሽ ዝርዝሮች በብዛት የሚወጡት ከጋዜጣና ከመጽሐፍ ነው። ጋዜጣ ላይ «ሚኒስትር» ከ«ሳሙና» ይበልጣል። እናንተ ግን ሚኒስትር ከመጥራታችሁ በፊት ሳሙና ትገዛላችሁ። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ቃል ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ሰዉ ስንት ጊዜ ይለዋል? እኔስ ስንት ጊዜ ያስፈልገኛል?

ሦስተኛው መለኪያ አእምሮ ነው፤ ቃሉ በቀረበበት መንገድ ይያዛል ወይስ አይያዝም?

ሂስ አንድ፦ የመርካቶ ተራ

ከኮልፌ አጠና ተራ ብትነሱና መርካቶ ብትገቡ ሁሉም ነገር በየተራው ነው። ሸማ በሸማ ተራ፣ አጠናም በአጠና ተራ። ለነጋዴውም ለገዢውም ይመቻል። የቃላት መማሪያ አዘጋጆችም ይህንኑ አደረጉ፦ ምዕራፍ አንድ የፍራፍሬ ተራ፣ ምዕራፍ ሁለት የቀለማት ተራ፣ ምዕራፍ ሦስት የእንስሳት ተራ። ሥርዓት ያለው ይመስላል።

ችግሩ አእምሮ ገበያ አለመሆኑ ነው። ቶማስ ቲንካም የተባለ ተመራማሪ በ1993 እና በ1997 ይህን ፈትኖ ነበር። ለተሳታፊዎቹ አዳዲስ ቃላት ሰጣቸው፤ ግማሾቹ ትርጉማቸው አንድ ዘር ነው (ለምሳሌ ሁሉም ልብስ)፣ ግማሾቹ አይዛመዱም። አንድ ዘር የሆኑትን መያዝ የበለጠ ጊዜ ፈጀ። ሮብ ዋሪንግ በ1997 ጃፓናውያን ተማሪዎች ላይ ደግሞት ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። ምክንያቱ መጠላለፍ ነው፤ ገና ያልጸኑ፣ ትርጉማቸው የተቀራረበ ቃላት አንዱ የሌላውን ቦታ ይሻማሉ።

ሆላንድኛ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ማክሰኞ «ዲንስዳኽ» ነው፤ ሐሙስ ደግሞ «ዶንደርዳኽ»። ሁለቱም በ«ደ» ድምፅ ይጀምራሉ፣ ሁለቱም በ«ዳኽ» ያልቃሉ፣ ሁለቱም የሳምንት ቀን ናቸው። ሰባቱን ቀን በአንድ ምሽት የሸመደደ ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ለወራት ይምታታበታል። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ማክሰኞን ዛሬ፣ በራሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስተምር፤ ያ ሲጸና ሐሙስን አምጣ።

በሐቅ ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም። ተራውም ጥቅም አለው። የምታውቋቸውን ቃላት ኋላ ላይ በዘር መደርደር ለክለሳ ይጠቅማል፤ መዝገብ ለመፈለግም ያመቻል። ሂሴ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ተራ የመጨረሻ ደረጃ ሲሆን መማሪያዎቹ መነሻ አደረጉት።

የተሻለው መንገድ እኮ ጓዳችን ውስጥ አለ። ከገበያ የተመለሰች እናት ፌስታል ውስጥ ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ክብሪትና ጨው አብረው አሉ። አንድ ያደረጋቸው የዛሬ ፍላጎት ነው። ቃላትም በጉዳይ ሲታሰሩ ይይዛሉ፦ ሐኪም ቤት መሄድ፣ ቤት መከራየት፣ የሆነ ነገር ጠፍቶ መጠየቅ። ቲንካም በ1997 በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተሰበሰቡ ቃላት በቀላሉ እንደሚያዙም አይቷል።

ሂስ ሁለት፦ ሥዕል የሌላቸው ቃላት

መማሪያዎች ሥዕል ይወዳሉ። ፖም ይሳላል፣ ብስክሌት ይሳላል። «እኮ» ግን እንዴት ይሳላል?

አማርኛን ከ«እኮ»፣ ከ«እስቲ»፣ ከ«ደግሞ» እና ከ«ኧረ» ውጪ ተናገሩ ብትባሉ ዜና አንባቢ ትመስላላችሁ። ሆላንድኛም እንዲሁ በትናንሽ ቃላት የተሞላ ነው፦ «ኤቨን»፣ «ቶኽ»፣ «ዌል»፣ «ኖኽ»፣ «ማር»። «ዋኽት ኤቨን» ሲሏችሁ «ቆይ አንዴ» ማለታቸው ነው። ዓረፍተ ነገር ላይ «ቶኽ?» ብለው ሲጨርሱ የእኛን «አይደል?» ይመስላል። እነዚህ ቃላት በድግግሞሽ ዝርዝር ላይ ከላይ ይቀመጣሉ፤ ለጀማሪ በተዘጋጁ የሥዕል መጻሕፍት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ቦታ የላቸውም። ለመሳል ስለማይመቹ ብቻ ቀሩ ማለት ነው። ውጤቱ ምን ይሆናል? ተማሪው የዕቃ ስም ያውቃል፤ የሰው ንግግር ሲሰማ ግን በዕቃዎቹ መካከል ያለው ሁሉ ጭጋግ ይሆንበታል።

ሂስ ሦስት፦ በእንግሊዝኛ በኩል መዞር

ሦስተኛው ሂስ ከሁሉ የሚቆረቁረኝ ነው። ዱኦሊንጎን ብትከፍቱ ሆላንድኛን ከአማርኛ ተነስታችሁ መማር አትችሉም፤ መጀመሪያ እንግሊዝኛ ውስጥ መግባት አለባችሁ። ብዙዎቹ መጻሕፍትም እንደዚያው ናቸው። እርግጥ እንግሊዝኛ ዘመድ ስለሆነ ያግዛል፤ ውኃ፣ እጅ፣ ክረምት የሚሉት ቃላት በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ቡና እንኳ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው ከሆላንድኛው «ኮፊ» ነው፤ ሆላንዶቹ ደግሞ በቱርክ በኩል ከዓረብኛው «ቀህዋ» አገኙት። ነገር ግን እንግሊዝኛ የማያሳየን፣ አማርኛ ግን ወለል አድርጎ የሚያሳየን ነገር አለ።

አንደኛው አክብሮት ነው። ሆላንድኛ ለቅርብ ሰው «ዬይ»፣ ለማያውቁት ወይም ለታላቅ ሰው «ኡ» ይላል። እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ መጽሐፉ ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ይጽፋል። ለእናንተ ግን «አንተ» እና «እርስዎ» ብሎ ማለፍ ይበቃል። አጠቃቀሙ በሁሉም ቦታ ባይገጥምም ሐሳቡ ከእናንተ ጋር አብሮ ያደገ ነው።

ሁለተኛው የቃል አሠራር ነው። ሆስፒታል በሆላንድኛ «ዚከንሆይስ» ይባላል፤ «ዚከን» ታማሚዎች፣ «ሆይስ» ቤት። «ስታትሆይስ» የከተማ ቤት ነው፤ ይህም የእኛ ማዘጋጃ ቤት። «ፓክሆይስ» ዕቃ ቤት፣ «ቴሆይስ» ሻይ ቤት። አያችሁ? ፍርድ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ መድኃኒት ቤት እያለ ላደገ ልጅ ይህ የገዛ ሰፈሩ ነው። አንዲት «ሆይስ» ስትያዝ አምስት ቃላት አብረው ይመጣሉ። በእንግሊዝኛ ትርጉም ስትማሩ ግን ሆስፒታልና ማዘጋጃ ቤት ከ«ቤት» ጋር የማይዛመዱ መስለው ያደክሟችኋል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ ወጥመዱ እጥፍ ነው። «ኢክ ሄፕ ኤን አፍስፕራክ ኦም ሃልፍ ፊር» ማለት «ቀጠሮ አለኝ በ...» ስንት ሰዓት? «ሃልፍ» ግማሽ፣ «ፊር» አራት ነው። በአማርኛ አስተሳሰብ አራት ተኩል ትላላችሁ፤ በእንግሊዞች የዕለት አነጋገርም እንዲሁ አራት ተኩል ይሆናል። ለሆላንዶች ግን «ወደ አራት ሲሄድ ግማሽ» ማለት ነው፤ ሦስት ተኩል። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ይህን ያላወቀ ሰው ሐኪሙ ዘንድ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ለአማርኛ ተናጋሪ የሚዘጋጅ መጽሐፍ ለዚህ አንድ ሙሉ ገጽ ይሰጥ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ግን የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ከየት ሊያውቀው?

ዘመድ ደግሞ ያሳስታል። «ስሊም» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ቀጭን፣ በሆላንድኛ ብልህ ማለት ነው። «ዊ» የምትለዋ በእንግሊዝኛ «እኛ»፣ በሆላንድኛ «ማን» ናት። ሰው «ብልህ ነህ» ሲላችሁ «ከስተሃል» ያለ መስሏችሁ እንዳትቀየሙ።

ሂስ አራት፦ የቁጥር ፍቅር

«በሠላሳ ቀን 1000 ቃል!» የሚሉ ማስታወቂያዎች አይታችኋል። የስልክ መተግበሪያዎችም ስንት ቃል እንደነካችሁ እየቆጠሩ ያሞግሷችኋል። ግን መንካት ምንድን ነው? ቃልን አይቶ ማወቅና ሲቸግር ከአፍ ማውጣት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ከአራት ምርጫ ትክክለኛውን መንካት የመጀመሪያውን ብቻ ያሠለጥናል።

ካርፒኪና ሮዲገር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ለአሜሪካ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ፍቺያቸው ጋር ሰጧቸው። አንዳንዶቹ አንዴ የመለሱትን ቃል ከዚያ በኋላ ደጋግመው እያነበቡት አለፉ እንጂ አልተጠየቁም። ሌሎቹ ግን ያወቁትንም ቃል ከአእምሯቸው እያወጡ እንዲመልሱ ደጋግመው ተጠየቁ። ከሳምንት በኋላ ደጋግመው የተጠየቁት ወደ 80 በመቶ ሲያስታውሱ፣ የቀሩት ከ40 በመቶ በታች ሆኑ። ልዩነቱን ያመጣው ራስን መጠየቅ ነው።

ይህን ለማድረግ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ጀርመናዊው ጸሐፊ ሰባስቲያን ላይትነር በ1972 ያስተዋወቀው ዘዴ የሚጠይቀው የጫማ ካርቶንና የተቆረጠ ወረቀት ብቻ ነው። ካርቶኑን አምስት ቦታ ክፈሉት። አዲስ ካርድ መጀመሪያው ክፍል ይገባል፤ በየቀኑ ይጠየቃል። ከመለሳችሁት ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እዚያ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ይጠየቃል፤ እያለ ይቀጥላል። የተሳሳታችሁት ካርድ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። መብራት ቢጠፋም፣ የሞባይል ዳታ ቢያልቅም ሥራው አይቆምም።

ስለ ፈተናው ጥቅልስ?

ለፈተናው የሚያዘጋጀው «ናር ኔደርላንት» (ወደ ኔዘርላንድስ) የተባለው የራስ መማሪያ ጥቅል ከላይ ከነቀፍኳቸው በአንድ ነገር ይሻላል። በጉዳይ ዙሪያ የተዘጋጀ ነው፦ ሥራ፣ ጤና፣ ትምህርት ቤት፣ መኖሪያ። ስለ ማኅበረሰቡ የሚጠየቁት 100 ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አስቀድመው ይሰጣሉ፤ ፈተናው ላይ 30ዎቹ ይመጣሉ። ግልጽነቱ ያስመሰግነዋል።

ድክመቱ ከዚሁ ይነሳል። መልሱ ከታወቀ ተፈታኙ ትርጉሙን ሳይይዝ ድምፁን ሊሸመድድ ይችላል። ፈተናው ሲጀመር የንግግሩ ክፍል በስልክ ይሰጥ ነበር፤ ዓረፍተ ነገር ሰምቶ መድገምም ነበረበት፣ ነጥብ ሰጪውም ኮምፒውተር ነበር። አሁን ጥያቄ መመለስና የተጀመረ ዓረፍተ ነገር መጨረስ መሆኑ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ የተደረገ እርምጃ ነው። የሸመደደ ሰው ግን ካለፈ በኋላ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ወድቆ ይገኛል።

ሽምደዳ ክፉ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉ። የቆሎ ተማሪም የቁርአን ቤት ልጅም በቃል መያዝን ከማንም በላይ ያውቁበታል። ግን የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት በቃል ጥናት አይቆምም። ተማሪው ቅኔ ቤት ሲገባ የያዛቸውን ቃላት ይዞ የራሱን ቅኔ እንዲያወጣ ይገደዳል። በቃል መያዝ፣ ቀጥሎ ከራስ ማውጣት፤ የሆላንድኛው ጥቅል የጎደለው ይህ ሁለተኛው ደረጃ ነው።

የራሳችሁን ዝርዝር ሥሩ

ነቅፎ መሄድ ቀላል ስለሆነ አማራጭ ላቅርብ። አንድ ሙሉ ቀን ደብተር ያዙ። ከጠዋት እስከ ማታ በአማርኛ የተናገራችሁትንና የተነገራችሁን አጫጭር ነገሮች ጻፉ፦ «ስንት ነው?»፣ «መልስ አልሰጠኸኝም»፣ «ትንሽ ቆይ»፣ «አልሰማሁም፣ ድገምልኝ»፣ «ጠርሙሱን ልመልስ»። ማታ ላይ ሃምሳ ያህል ታገኛላችሁ። ይህ ማንም አሳታሚ የማይሸጥላችሁ ዝርዝር ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ወደ ሆላንድ ኑሮ አዛውሩት፤ ቃል በቃል መተርጎም አያስፈልግም፣ ጉዳዩን ተርጉሙ። «ድገምልኝ» ብላችሁ ከሆነ «ኩንት ኡ ዳት ሄርሃለን?» መጀመሪያ የምትይዙት ይሁን፤ «ዋት በቴከንት ዳት?» (ያ ምን ማለት ነው?) ይከተል። እነዚህ ሁለቱ ሌሎች ቃላትን የሚያመጡላችሁ ቃላት ናቸው። ታክሲ ላይ ያላችሁት ወደ «ኢንስታፐን» (መሳፈር)፣ «ኦይትስታፐን» (መውረድ) እና «ኦቨርስታፐን» (መቀየር) ይዞራል፤ ሦስቱም ከ«ስታፐን»፣ ከመራመድ የወጡ ናቸው። ሱቅ ላይ «ማኽ ኢክ ፒነን?» (በካርድ ልክፈል?) ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ቦታ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። የጠርሙስ ማስያዣ «ስታትሲኼልት» ይባላል፤ ከ2021 ጀምሮ በትንንሽ የፕላስቲክ ጠርሙሶች፣ ከ2023 ጀምሮ በጣሳዎች ላይ 15 ሳንቲም ዩሮ ይታሰባል። ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚያስኬዳችሁ ጉዳይ «ኸሜንተ» ይወስዳችኋል። ሲያማችሁም መጀመሪያ የምታገኙት «ሆይስአርትስ»ን፣ ቃል በቃል የቤት ሐኪምን ነው፤ እሱ ነው ወደ ሆስፒታል የሚልከው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር መጻፍን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም።

ስም ስትጽፉ ብቻውን አትጻፉት። ሆላንድኛ ስሞች «ደ» ወይም «ሄት» የሚል መለያ አላቸው፤ «ሄት ሆይስ» ብሎ አብሮ መያዝ በኋላ ከመቸገር ያድናል። ሁለት የማይሳሳቱ ደንቦችም አሉ፦ ብዙ ቁጥር ሁሉ «ደ» ይወስዳል፤ በ«የ» ድምፅ አሳንሶ የሚጠራ ስም ሁሉ ደግሞ «ሄት»። ካርዱ ላይ በአንድ በኩል የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር፣ በሌላው የሆላንድኛውን አድርጉ። ከአማርኛው ተነስታችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፤ ከዚያ ገልብጡ። በቀን አሥር ካርድ ብትይዙ በሃምሳ ቀን አምስት መቶ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ ሁሉም የእናንተው ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው ቃሌ ለመማሪያ አዘጋጆች ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች አሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥም በርከት ያሉ ቋንቋ ቤቶች አሉ። ከአማርኛ የሚነሳ፣ የሰዓቱን ወጥመድ የሚያውቅ፣ «ቤት»ን ከ«ሆይስ» ጋር የሚያገናኝ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ማዘጋጀት ከአቅማችን በላይ አይደለም። ለኦሮምኛና ለትግርኛ ተናጋሪም እንዲሁ በየቋንቋው ሊሠራ ይገባል።

እስከዚያው እናንተ ሆላንድኛ ይሁን ቱርክኛ፣ የሚሸጥላችሁን ማንኛውንም የቃላት መጽሐፍ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። አልገባኝም ማለትን በስንተኛው ገጽ ያስተምራል? ተመሳሳይ ቃላትን በአንድ ቀን ያጭቅብኛል ወይ? እኔ የምናገረውን ቋንቋ ያውቀዋል ወይ? ሦስቱንም የማይመልስ ከሆነ መደርደሪያው ላይ መልሱት፤ ደብተርና የጫማ ካርቶን በርካሽ ይገኛሉ።